ልጅ አይቆጠርም

ሀና ማርያም፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ አባይነህ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ክረምቱ በደህና ወጣልህ? እኛ ደህና ነን። ማሞ ያው ታክሲውን ከሀና ማርያም ሀይሌ ጋርመንት ያመላልሳል፣ ውዳሴ አሥረኛ ክፍል ገባች፣ ሚሳኤል ደግሞ ጫማ አይበረክትለትም። ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለን የለም ልል ነበር፤ እሱም ሊሞላ ነው!

ደብዳቤህን ዑስማን ቅዳሜ አደረሰልኝ። ሀይሌ ጋርመንት አይሱዙውን አቁሞ ሲደውልልኝ ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልለብስ ሮጥኩ። «እትዬ ብርነሽ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ደብዳቤ እግር የለው!» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ጥድ አምባ ኔትወርክ እስኪገባ ድረስ የአንተ ድምፅ ማለት የዑስማን መኪና ጡሩንባ ነው።

መንገድ ዳር ቆሜ አነበብኩት። አትቆጣኝ ወንድም ጋሼ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አንተ እያዘንክ ነው የጻፍከው፤ ይገባኛል። ወረዳው ትንንሾቹን ትምህርት ቤቶች ሊያዋህድ ነው፣ የእኛው የጥድ አምባ ትምህርት ቤት ከወንዝ ማዶ ካለው ከሰኞ ገበያው ጋር ሊቀላቀል ይችላል ትላለህ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ መስመር መካከል ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ አንተ ወደ እኔ ትመጣለህ!

ባለቤትህ እትዬ ካረፈች ወዲህ ብቻህን በዚያ ብርድ ምን ትሠራለህ? አባታችን ሲሞት ያሳደግከኝ አንተ፣ ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ፣ አሥራ ሁለተኛን እንድጨርስ አዲስ አበባ የላክኸኝ አንተ። አሁን የእኔ ተራ ነው። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ማሞ ቀለም እየቀባት ነው። ቢጫ ይሁን ብያለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲገባባት አንጀት ታርሳለች።

«እዚያ መጥቼ ምን ልሠራ ነው?» ብለህ ለጠየቅከኝ መልሱ ቀላል ነው፤ ማስተማር ነዋ! መካኒሳ አቦ ወይዘሮ እፀገነት የሚባሉ የግል ትምህርት ቤት ያላቸው ሴትዮ አሉ። ስለ አንተ አወራኋቸው። እንዴት እንዳወራሁ መቼም ታውቀዋለህ፤ በመጨረሻ «እሺ ይምጣ፣ በቃ፣ ይምጣ!» ብለው ገላገሉኝ።

ልጆቹ በየቀኑ የግራር ውሃን ወንዝ ሊሻገሩ ነው ብለህ አትጨነቅ። እኛስ ገበያ ስንሄድ ተሻግረነው የለም?

ቶሎ ጻፍልኝ። ደስታዬን ብቻዬን አልቻልኩትም።

እህትህ ብርነሽ


ጥድ አምባ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ብርነሽ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ለማሞና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የላክሽው መነጽር ደርሶኛል፤ በደንብ ያሳየኛል። ጋቢው ግን ለእኔ አይገባም፣ አዲስ ነው፤ ለበዓል አስቀምጬዋለሁ።

ክፍሉን ቀለም አታስቀቢ። ገና የተወሰነ ነገር የለም።

ደንቡ እንዲህ ነው። በአካባቢው ለትምህርት የደረሰ ልጅ ቁጥሩ ካነሰ፣ ትምህርት ቤቱ ብቻውን አይቆምም፤ ካቅራቢያው ጋር ይዋሃዳል። መንግሥትም ምክንያት የለውም አልልም። መጻሕፍት ለሁሉም አይደርስም፣ ሦስት መምህራን ሆነን ስድስት ክፍል እናስተምራለን። ሰኞ ገበያ ቤተ ሙከራ ሊሠራ ነው ይባላል።

እኔ ግን አልሰጋሁም። ጥድ አምባ ልጅ ሞልቷል። አንደኛ ክፍል ብቻ በአንድ ወንበር አራት አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት። በሚመጣው ሳምንት ቆጣሪዎች ከወረዳ መጥተው ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ይቁጠሩ። መዝገቤም ክፍት ነው።

ግራር ውሃን እኛም ተሻግረነዋል ያልሽው እውነት ነው። አንቺ ግን የተሻገርሽው አባታችን ትከሻ ላይ ሆነሽ ነው። የእኔ የአንደኛ ክፍል ልጆች አባቶች በዚያ ሰዓት እርሻ ላይ ናቸው። ወንዙ ሲሞላ ትልልቆቹ ይቀራሉ፣ ትንንሾቹ ደግሞ ጭራሹን ትምህርት ይተዋሉ። አንድ ዓመት የተወ ልጅ እንደማይመለስ ከሠላሳ ዓመት በላይ አይቻለሁ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው፤ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ለወይዘሮ እፀገነት ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ተስፋ ግን አትስጫቸው።

ወንድምሽ አባይነህ


ሀና ማርያም፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼዬ፣ እንዴት ነህ እንዳልልህ እንዴት እንደሆንክ ጽፈህልኛል።

ደብዳቤህን ለማሞ ጮክ ብዬ እያነበብኩለት ነበር፤ መሃል ላይ ወረቀቱን ሰጠሁትና እሱ ጨረሰው። እንግዲህ ቆጣሪዎቹ በየቤቱ እየገቡ «ለትምህርት የደረሰ ስንት ልጅ አለሽ?» ብለው እናቶቹን ጠየቁ፤ እናቶቹም ቀነሱ። አምስት ልጆች አንተ ዘንድ የምታስተምረዋ ፀሐይወርቅ እንኳ «ሁለት ናቸው፣ እሱ ካሳደገልኝ» አለች። ከዚያ መዝገብህ ሲታይ ከመንደሩ ልጅ የትምህርት ቤቱ ተማሪ በለጠ። እነሱም «መምህሩ ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋበት ተማሪ ፈጥሮ ጽፏል» አሉ። አንተን! ሐሰተኛ! የአንድ ተማሪ ውጤት በግማሽ ነጥብ ተሳስተህ ሌሊቱን ሳትተኛ ያደርከውን ሰው!

ይቅር በለኝና መጀመሪያ ስቄ ነበር። ልጅ በቁጥር ይጠራል እንዴ? እናታችን «ስንት ወለድሽ?» ስትባል «እሱ የሰጠኝን» ከማለት ሌላ ቁጥር ከአፏ ወጥቶ ያውቃል? እኔስ ብሆን? ባለፈው አንድ ወጣት «ለብሎካችን ምዝገባ ነው» ብሎ በር አንኳኳ።

«ስንት ልጅ አለዎት እናት?»

«ደህና ናቸው» አልኩት።

«አይ፣ ስንት ናቸው ነው ያልኩት።»

«እኔም ደህና ናቸው አልኩህ!»

ማሞ ከውስጥ በሳቅ ሊሞት። ልጁ በመጨረሻ ደጅ ላይ የተደረደረውን ጫማ አይቶ የመሰለውን ጽፎ ሄደ። ይሄ አዲስ አበባ ላይ፣ አስፋልት ዳር፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ሴት ነኝ። ፀሐይወርቅን እንዴት ልፍረድባት? እሷኮ አንድ ጊዜ ለቆጣሪ ሁሉንም ቆጥራ ነግራ፣ በዓመቱ ኩፍኝ ሁለቱን ወሰደባት። ኩፍኝ ነው የገደላቸው ብለን ብንነግራት እሷ የምታውቀው መቆጠራቸውን ነው። አትቆጣት፣ አደራ።

አንተ «ለማንም እንዳታወሪ» ብለሃል። አወራሁ። ዝም ብዬ እንደማላውቅ እያወቅክ ለምን ጻፍክልኝ? ኢያቄም ሀይሌ ጋርመንት ልብስ ስፌት ቤት ከፍቷል፤ ያ ማባዣ ሰንጠረዥ ጠፍቶበት ስታንበረክከው የነበረው ኢያቄም። እሱ ዘንድ የጥድ አምባ ሰዎች ተሰበሰብን። ገሚሱ አቤቱታ እንጻፍ አለ፣ ገሚሱ ወረዳ ሄደን እንጩህ አለ። እኔም ተነስቼ «ቆይ፣ እስቲ አንተ ኢያቄም፣ ስንት ልጅ አለህ?» አልኩት።

«ምን አገባሽ?»

«በቃ! ችግሩ ይሄ ነው!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እናቶቹን አፍ አያስከፍቷቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንድ ጆንያ ይቀመጥ፤ እያንዳንዷ እናት ለትምህርት በደረሰ ልጇ ልክ ባቄላ በጭብጧ ይዛ ትምጣና እጇን ጆንያው ውስጥ አግብታ ትጣል። ማን ስንት እንደጣለ ማንም አያይም። ከዚያ የሚቆጠረው ባቄላ ነው። ባቄላ ቡዳ አይበላውም። ኢያቄም ተነስቶ አጨበጨበልኝ፤ እሱ ያጨበጨበልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሞክረው ወንድም ጋሼ። ይሄን የምልህ ትምህርት ቤቱ እንዲቆይ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ስምህ እንዲነጻ ነው። እኔማ አሁንም እንድትመጣ ነው የምፈልገው፤ ግን ንጹሕ ሆነህ ና።

ያቺው ወሬኛ እህትህ


ጥድ አምባ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ብርነሽ፤

እንደምን አላችሁ? የሚሳኤል ትኩሳት እንደለቀቀው ዑስማን ነግሮኝ ደስ ብሎኛል።

እንዳልሽው አደረግን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጆንያው ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። ማንም ሳይጠራቸው እናቶቹ ተሰለፉ። እጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እየመጡ፣ ጥለው፣ ዘወር ብለው ሳያዩ ይሄዱ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ። ከቀብር በቀር እንደዚያ ያለ ጸጥታ በመንደራችን ሰምቼ አላውቅም።

ሲቆጠር ባቄላው ከመዝገቤም በለጠ። ጀርባቸው ላይ ያዘሏቸውንም ጨምረው ነው መሰል። የሞቱትን የጨመረችም ሳትኖር አትቀርም። አልጠየቅኩም። እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ?

ጆንያውን ተሸክሜ ወረዳ ሄድኩ። ጉዳዩን የያዘው ወጣት ባለጌ ልጅ አይደለም፤ አስቀምጦ አዳመጠኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ ገብቶኛል፤ ግን ባቄላ ማስረጃ አይሆንም። መዝገብዎም ከባቄላው ጋር አልገጠመም» አለኝ።  እውነቱን ነው፣ አልገጠመም።

ውህደቱ ጸድቋል። ከየካቲት ጀምሮ፣ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ልጆቹ ሰኞ ገበያ ይማራሉ።

ባቄላው የሕዝብ ነውና መልሼ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠሁት።

«ሥራህ ላይ ነህ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። በየቀኑ ትምህርት ቤቱ ጋ እውላለሁ። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም። ለገና ምንም አትላኪልኝ።

ወንድምሽ አባይነህ


ሀና ማርያም፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፤

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው። ተቆጥቻለሁ።

«በየቀኑ ትምህርት ቤቱ ጋ እውላለሁ» ብለህ ጻፍክልኝ። ከአጥሩ ውጪ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ መዋልህን ግን ዑስማን እንዲነግረኝ ተውክለት! እሱም ምስኪን መናገሩን አልፈለገም። «እንዴት ነው ወንድሜ?» ስለው መሪውን ይጠርጋል።

«ዑስማን፣ እያናገርኩህ ነው።»

«ደህና ናቸው እትዬ።»

«ደህና የሆነ ሰው ዜና እንዲህ መሪ እያስጠረገ አይነገርም። ተናገር!»

«እኔ ምንም አላልኩም ብለው ይማሉልኝ» አለና ነገረኝ። ከኅዳር ማብቂያ ጀምሮ ታግደሃል። በሐሰት መዝገብ ተከሰህ ሰኞ ገበያ ሸንጎ ፊት ልትቀርብ ነው። ክፍል መግባት ስለተከለከልክ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት በአጥሩ ቀዳዳ ደብተራቸውን ያወጡልሃል፣ አንተም ድንጋይህ ላይ ሆነህ ታርማለህ። ይሄን ሲነግረኝ ያ የመኪና ረዳቶችን ሲያንቀጠቅጥ የሚውል ሰውዬ ዓይኑ ውሃ ሞላ። እኔማ እዚያው ሀይሌ ጋርመንት፣ ሰው ለታክሲ ሲጋፋ፣ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። አንዲት ሙዝ ሻጭ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት።

ለምን ደበቅከኝ? ሌላ ማን አለህና?

አሁን ስማኝ። ወይዘሮ እፀገነትን ትናንት ደግሜ አገኘኋቸው። የሚያስተምሩላቸው የአራተኛ ክፍል መምህር ለቀው ሄደዋል፤ ቦታው ክፍት ነው። «ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጀምር ይድረሱ፣ ከዚያ በላይ አልጠብቅም» ብለዋል። ቀለሙም አልቋል፣ አልጋውም ገብቷል። ሸንጎውን ተወው! ምን ያደርጉልሃል? አንተን ሐሰተኛ ብሎ ለማመን ለቆረጠ ሰው ምን ብለህ ታስረዳለህ? እናቶቹ ልጅ ከሚቆጥሩ አንደበታቸው ቢቆረጥ ይመርጣሉ። ማንም አይመሰክርልህም። ጡረታህም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ዑስማን ሲመለስ ጋቢህን ለብሰህ ጋቢና ግባና ና። እዚህ ማንም ምን እንዳሉህ አያውቅም፤ ስምህን አንሥቶ የሚጠይቅህ የለም።

የልጆቹ ነገር አንጀትህን እንደሚበላው አውቃለሁ። ግን ትምህርት ቤቱ እንደሆነ ተዘግቷል። ለተዘጋ በር ሰው ስንት ዘመን ደጅ ይጠናል?

ወንድም ጋሼ፣ እለምንሃለሁ። እንደ ታላቅ ሳይሆን ለአንድ ጊዜ እንደ ታናሽ ታዘዘኝ።

ብርነሽ


ጥድ አምባ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ብርነሽ፤

የደበቅኩሽ ላላስጨንቅሽ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ትክክል አልነበረም። ዑስማንን አትውቀሺው፣ እኔም አልወቀስኩትም።

ዝምታዬ ረዝሞ ቀን ከሌሊት ስታለቅሺ እንደነበር ገባኝ። ስለዚህ የሆነውን ባጭሩ እጽፍልሻለሁ፤ ብዙውን ለመጻፍ አልችልም።

ሸንጎው ፊት የቀረብኩት ሰኞ ገበያ፣ አዳራሹ ውስጥ ነው። ክሱ ከተነበበ በኋላ ምስክር አለህ ወይ ተባልኩ። «የለኝም» አልኩ። አንቺ እንዳልሽው ማንንም መጥራት አልፈለግኩም፤ የልጇን ቁጥር ለእኔ ስትል ተናገሪ ብዬ እናትን መለመን አልቻልኩም።

ሳላውቅ ጠዋት ግራር ውሃን ተሻግረው መጥተው ኖሯል። በሩ ተከፈተና የጥድ አምባ እናቶች ከነልጆቻቸው ገቡ። የምትመራቸው ፀሐይወርቅ ነበረች። ሰብሳቢው «እናንተ አልተጠራችሁም» አላቸው። እሷም «ልጄን የሚጠራልኝ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ በአንድ እጇ የልጆቿን ራስ አንድ በአንድ እየነካች በስማቸው ጠራቻቸው። ስትጨርስ «አምስት ናቸው» አለች። ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። ወዲያው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከኋላዋ ያሉት ተራ በተራ ቀጠሉ። ጸሐፊው አስቀምጦት የነበረውን ብዕር አንሥቶ ጻፈ።

ስለ እኔ የተባለውን መጻፍ አስፈላጊ አይደለም። መዝገቤ ትክክል ነው ተብሎ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ።

ትምህርት ቤታችን ግን አልተመለሰም። ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው፣ በጀቱም ተዛውሯል አሉ። ዓርብ ወላጆች ወንበሮቹን ተሸክመው አሻገሩ። ከአሁን ወዲያ ሰኞ ገበያ ተራ መምህር ነኝ፤ የሚመራው ሌላ ሰው ነው፣ ጨዋ ሰው ይመስላል። ጥቁር ሰሌዳው ግድግዳው ላይ የተሠራ ስለሆነ ቀርቷል።

ስሜን ጥዬ እንድመጣ ጽፈሽልኝ ነበር። አንቺ የጻፍሽው በፍቅር ነው። ግን ብርነሽዬ፣ ያን ቀን መጥቼ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት በባዶ አዳራሽ ልጆቿን ለማን ትቆጥር ነበር?

አልመጣም። ሁለቱን ከቀበረች ወዲህ ለማንም ያልሰጠችውን ቁጥር ሰጠችኝ። በእኛ አገር ቆጥሮ የተረከበ ቆጥሮ ይመልሳል። ጠዋት ከዚህ ማዶ እቆጥራቸዋለሁ፣ ስንሻገር እቆጥራቸዋለሁ፣ ማታ ለእያንዳንዷ እናት በራፏ ድረስ አስረክባለሁ። አሁን ስቆጥር አይከለክሉኝም። አንዳንዶቹ ግን ዘወር ይላሉ።

እስካሁን ውሃው ቁርጭምጭሚት አያልፍም። በልግ ሲጥል ምን እንደማደርግ ሌላ ጊዜ እጠይቅሻለሁ።

ወንድምሽ አባይነህ


ሀና ማርያም፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድም ጋሼ፤

«ተቀይመሽኝ ነው ዝም ያልሽው?» ብለህ ጠየቅከኝ። አልተቀየምኩህም። የየካቲቱን ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ወረቀት አውጥቼ ተቀምጬ ነበር፤ የሚጻፍ ጠፋኝ። እኔ፣ የሚወራ ጠፋኝ! ውዳሴ ግንባሬን ነክታ «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

ደስታዬን ልደብቅህ አልችልም፣ ሐዘኔንም እንዲሁ፤ ሁለቱ አብረው ነው የመጡት። ስምህ በመንጻቱ ቤቱን በእልልታ አቀለጥኩት፤ ማሞ ወጥቶ ለጎረቤት ማስረዳት ነበረበት። ማታ ደግሞ ያቺ ክፍል ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በቃ አይመጣም አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ለራሴ እንዲሰማኝ።

በማግስቱ መካኒሳ አቦ ሄጄ ለወይዘሮ እፀገነት ነገርኳቸው። ቀጠሮ አፍርሼባቸዋለሁና ይቆጡኛል ብዬ ሰግቼ ነበር። ሁሉንም ሰሙኝና «አየሽ ብርነሽ፣ እኔ እዚህ መምህር የማጣው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሲሸኙኝ በር ድረስ ወጡ፤ እሳቸው ሰው በር ድረስ አይሸኙም።

ስለ ፀሐይወርቅ የጻፍከውን ለጥድ አምባ ሰዎች አነበብኩላቸው። ኢያቄም መቀሱን አስቀምጦ ወጣ። ተከትዬው ብወጣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። «እኔ ብሆን አልችልም ነበር» አለኝ። «እኔም» አልኩት። ስለዚህ ከእንግዲህ እዚያ ለሚሻገሩት ልጆች የምንችለውን እናደርጋለን ብለን ሳንማማል ተስማምተናል።

እንግዲህ የጠየቅከኝን ልመልስ። በልጉ ገብቷል፣ ግራር ውሃ ጉልበት ደርሷል ብለሃል። እንድልክልህ የጠየቅከኝን ገመድ ገዝቻለሁ። ሀይሌ ጋርመንት ያለውን የብረታ ብረት ሱቅ ሁሉ ዞርኩ። አንዱ ባለሱቅ «ለምን ይሆን፣ ለጭነት ነው?» አለኝ።

«ለልጆች ነው።»

«ለዥዋዥዌ?»

«ወንዝ ለማሻገር።»

የመዘዘውን ገመድ መልሶ ከጓዳ ወፈር ያለ አወጣ። «ይሄኛው ውሃ አያላላውም። ልጆች ከሆኑ በየመሃሉ ቋጠሮ ያድርጉበት፣ እጃቸው እንዳይንሸራተት» አለኝ። ማሞና ሚሳኤል ሲቋጥሩት አመሹ። ዑስማን ነገ ይዞልህ ይመጣል። ርዝመቱ እንደሚበቃ ራሴ ከልጅነቴ አስታውሼ ነው የገመትኩት፤ ከተረፈ ይትረፍ።

አንድ ነገር አደራ። ውሃው ቀይ ሆኖ፣ ጭራሮ ይዞ ከመጣ አትግባ። ከላይ ዘንቧል ማለት ነው፣ የሚከተለው ይብሳል። ያን ቀን ከሰኞ ገበያ መዝገብ ላይ ቀሪ ይባሉ። እዚያው ጥድ አምባ፣ ያ የቀረው ሰሌዳ ፊት አስቀምጣቸውና አስተምራቸው። የሚከስህ ካለ ይክሰስህ፤ ምስክር እንደሆነ ሞልቶልሃል።

ደግሞ «ገመዱን ስንይዝ እኔ ከፊት ልሁን ወይስ ከኋላ?» ብለህ ጠይቀሃል። ይሄን ጥያቄ ለእኔ መላክህን ሳስብ፣ በዚህ ዕድሜህ ታናሽህን ስትጠይቅ፣ መልሱን ከመጻፌ በፊት ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ማሞ ከፊት ይሁን ይላል፤ ጥልቀቱን የሚያውቀው እሱ ነው ብሎ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ከፊት ፀሐይወርቅ ትሁን፤ ከእሷ ወዲያ ደፋር ወንዙ አይቶ አያውቅም፣ ልጆቹም ይከተሏታል። አንተ ከሁሉም መጨረሻ ሁን። ፊት የሄደ ሰው የሚያየው ማዶውን ብቻ ነው።

እህትህ ብርነሽ